ሥዕል ያሣሉና ፎቶግራፍ ያስነሡ ባለጸጎች፤ ከጣና ደሴቶች እስከ አዲስ አበባ ግቢ

በጣና ሐይቅ፣ ከደቅ ደሴት በስተምዕራብ ባለችው በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ማርያምና ከልጇ እግር ሥር ተደፍተው ተሥለው ይታያሉ። እቴጌዪቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1730 በነገሡ ጊዜ ዘውድ ደፍተው አብረው የገዙ፣ ከጎንደር በላይ ቍስቋምን ያሠሩ፣ ናርጋን የተከሉ፣ በ1773 ያረፉ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዘመኑ የሚቈጠረው እንደ አውሮፓውያን ነው።) የልብሳቸው ጌጥ በብዙ ጥንቃቄ ተሥሏል፤ የፊታቸውም መልክ የተለየ ሰው መልክ እንዲሆን ታስቦበታል። ሥዕሉን ያየ ሁሉ የሚናገረው ስለ ምንትዋብ ነው፤ ብሩሹን የያዘው ሰው ግን ስሙ አልገነነም።

አማርኛ ይህንን ነገር በግሥ ይለየዋል። ሠዓሊው «ሣለ» ይባላል፤ ቀለሙን፣ ቀለቡንና የድካሙን ዋጋ ሰጥቶ ያሠራው ደግሞ «አሣለ» ይባላል። ግእዙም እንደዚሁ «ሠዐለ»ንና «አሥዐለ»ን ይለያል። በየቤተ ክርስቲያኑ ከሥዕሉ ግርጌ ተጽፎ የሚገኘው ስም በብዛት የሁለተኛው ነው፤ አንባቢ ጸሎት እንዲያደርግ የሚለመነውም ለርሱ ነው። ፎቶግራፍ ወደ ኢትዮጵያ በመጣ ጊዜ ቋንቋው ሌላ ግሥ አበጀለት፤ ባለመሣሪያው «አነሣ»፣ ከመሣሪያው ፊት የቆመው «ተነሣ»፣ አዝዞ ወይም ከፍሎ ያሠራው «አስነሣ» ተባለ። ግሡ ቢለወጥም ሥርዐቱ የቀድሞው ሥርዐት ነው፤ የምስሉ ባለቤት ሆኖ የሚቈጠረው ያሠራው ሰው እንጂ የሠራው አይደለም።

በአውሮፓ የፎቶግራፍ ታሪክ በተለመደው አኳኋን የሚጻፈው የአንሺዎቹ ታሪክ ሆኖ ነው። ዳጌር በፓሪስ፣ ታልቦት በእንግሊዝ አገር፣ ሁለቱም በ1839 ሥራቸውን ለዓለም አስታወቁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትረካ ከአንዱ ስመ ጥር አንሺ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ለኢትዮጵያ ግን ይህ መንገድ ብቻውን አይበቃም። እዚህ ጥበቡ ለረዥም ዘመን የኖረው በጌታ ጥላ ሥር ስለ ሆነ፣ ማን አነሣ ከሚለው ጥያቄ ጋር ማን አስነሣ፣ ከተነሣስ በኋላ ሥዕሉን ማን ያዘው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያልተዘጋ ነው።

የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዘው ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሄንሪ ስተርን ነው። ስተርን በጀርመን አገር ከአይሁድ ወገን ተወልዶ ወደ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የገባ፣ በለንደን የተቋቋመ የሚሲዮን ማኅበር ወደ ቤተ እስራኤል የላከው ሰው ነበረ። በ1859 እና በ1860 በጎንደር አውራጃና በጣና ሰሜናዊ ዳር ባለችው በደምቢያ ተዘዋወረ፤ የማኅበሩም ጣቢያ በዚያው በደምቢያ በጀንዳ ተተከለ። ስለዚህ በኢትዮጵያ የፎቶግራፍ ታሪክ መነሻ ገጽ ላይ የጣና አካባቢ አለበት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ማንሣት እንዴት ያለ ድካም እንደ ነበረ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የደጋፊው ነገር አይገባም። ሥራው የሚሠራው በ1851 እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር ባወጣው እርጥብ የመስተዋት ዘዴ ነው። አንሺው መስተዋቱን ኮሎዲዮን በሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይቀባዋል፤ በብር ጨው ውስጥ ይነክረዋል፤ ሳይደርቅ በመሣሪያው ውስጥ አግብቶ ለብርሃን ያጋልጠዋል፤ አሁንም ሳይደርቅ በጨለማ ድንኳን ውስጥ በሌላ መድኃኒት ያጥበዋል። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ካልተፈጸመ ድካሙ ከንቱ ነው። መስተዋቱ፣ ጠርሙሱ፣ ድንኳኑ፣ ሣጥኑ በበቅሎ ይጫናል፤ አንዲት በቅሎ ገደል ላይ ብትሰናከል የብዙ ወር ሥራ ይሰበራል። ንጹሕ ውሃም ያስፈልጋል፤ ይህንስ ጣና ሳይሰስት ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ሥራ ጭነት፣ አሽከርና የይለፍ ፈቃድ ያለው ሰው ካልሆነ በቀር ሊሠራው አይችልም፤ የይለፍ ፈቃድ ደግሞ ከንጉሡ ይመጣል።

ስተርን ወደ አገሩ ተመልሶ በ1862 ስለ ጕዞው መጽሐፍ አሳተመ። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍን በቀጥታ በመጽሐፍ ላይ ማተም ስለማይቻል ምስሉ በቀራጭ እጅ እንደ ገና ተቀርጾ ይታተም ነበር። የስተርንን ዕድል የወሰነው ግን ሥዕሉ ሳይሆን ጽሑፉ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን፣ እናታቸው ኮሶ ሻጭ ነበሩ በሚለው ወሬ የሚነካ ቃል በመጽሐፉ ውስጥ ተገኘ። ስተርን በ1863 ሁለተኛ ጊዜ በመጣ ጊዜ ተገረፈ፣ ታሰረም፤ እስከ 1868 ድረስ ከሌሎቹ እስረኞች ጋር ቈየ። መሣሪያ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ሥዕሉን ይዞ ሄዶ በሩቅ አገር ምን እንደሚያደርግበት የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ያወቀው በዚህ መጽሐፍ ነው ማለት ይቻላል። ቴዎድሮስ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ አይታወቅም። መልካቸው የቀረልን ባዩዋቸው እንግዶች ንድፍ ነው፤ ከነዚህም አንዱ፣ ከብሪቲሽ ሙዚየም ከሠራዊቱ ጋር የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ፣ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ፊታቸውን የነደፈው ነው።

በመቅደላ ዘመቻ ከእንግሊዝ ሠራዊት ጋር የመጣው የመሐንዲሶች ጓድ የፎቶግራፍ ክፍል ነበረው። ተግባሩ በይበልጥ ካርታና ንድፍ እያባዛ ለጦር መኰንኖች ማደል ነበረ፤ በዚያውም የሰፈሩን፣ የመንገዱንና የአምባውን መልክ አነሣ። ደጋፊው የእንግሊዝ መንግሥት ግምጃ ቤት ነው። የቴዎድሮስ ልጅ ደጃዝማች ዓለማየሁ በዚህ ምክንያት ገና በሰባት ዓመቱ በመሣሪያ ፊት ቀረበ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ በ1868 በግንቦት ወር ዐረፉ፤ ልጁ ቀድሞ ቴዎድሮስን ባገለገለውና ኢትዮጵያውያን «ባሻ ፈለቀ» ይሉት በነበረው በካፒቴን ስፒዲ እጅ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። በዋይት ደሴት በፍሬሽወተር መንደር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል የታወቀች አንሺ ነበረች፤ በ48 ዓመቷ ሴት ልጇ መሣሪያ ብትሰጣት ጥበቡን የጀመረች፣ የዘመኑን ባለቅኔዎችና ሊቃውንት ያነሣች ሴት ናት። እርስዋም በ1868 ዓለማየሁን ለብቻውና ከስፒዲ ጋር አነሣች። ስፒዲ የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ የጦር ዕቃ ይዞ ይታያል፤ ልጁ ዝም ብሎ ይመለከታል። ይህንን ፎቶግራፍ ከናርጋው ሥዕል ጋር ማነጻጸር ይገባል። ምንትዋብ የተሣሉት ራሳቸው በፈቀዱት ቦታና ሁኔታ ነው፤ ዓለማየሁ ግን ተነሣ እንጂ አላስነሣም። በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ።

ከመቅደላ የተወሰደ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ነገሥታቱ በዘመቻ ያስከትሉት የነበረው፣ «ኵርዓተ ርእሱ» የሚባለው የጌታ ሥዕል ነው። ሆልምስ ይህንን ሥዕል ለራሱ ያዘው፤ በኋላም በዊንድዘር የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ሆነ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1872 ሥዕሉ እንዲመለስላቸው ጽፈው ጠየቁ፤ አልተመለሰም። ከሆልምስ ቤተ ሰብ ከወጣ በኋላ ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ፤ በግል ሰው እጅ ስለ ገባም ዛሬ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት በፎቶግራፉ ብቻ ነው። ፎቶግራፍ እንዲህ ላለው ዕቃ የመታወቂያ ደብዳቤ ሆኖ ያገለግላል፤ ዕቃውን ግን አይተካውም።

ፎቶግራፍ በኢትዮጵያ እውነተኛ ደጋፊ ያገኘው በዳግማዊ ምኒልክ ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1879 አልፍሬድ ኢልግ የሚባለው የስዊስ መሐንዲስ ወደ አንኮበር መጣላቸው። ሙሴ ኢልግ ድልድይ፣ የውሃ ቧምቧ፣ ቤት የሚሠራ ሰው ነው፤ በ1894 የጅቡቲን የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ከምኒልክ ከተቀበሉት አንዱ ነው፤ በ1897ም የመንግሥት አማካሪ ተብሎ ተሾመ። በሥራውም በክብሩም ከፍ ያለ ሰው ሆነ፤ ከሁሉም ጋር የፎቶግራፍ መሣሪያውን አልተለየም። የግቢውን ግብር፣ መኳንንቱን፣ የአዲስ አበባን አመሠራረት፣ ገበያውንና ሠራተኛውን አነሣ። ለመሸጥ ብሎ አይደለም፤ ለጉብኝት መጥቶ እንደሚመለስ መንገደኛም ቸኵሎ አይደለም። ሃያ ሰባት ዓመት ያህል በአገሩ ስለ ኖረ የሰዎቹን ማዕርግና ስም ያውቃል። ከደጋፊነትና ከአንሺነት ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ባለጸጋ ይፈለግ ቢባል በኢትዮጵያ ታሪክ ከርሱ የሚቀርብ የለም። በ1916 በዙሪክ ሞተ፤ ያነሣቸውና የሰበሰባቸው ፎቶግራፎች በዚያው ከተማ በዩኒቨርሲቲው የሕዝቦች ሙዚየም ይገኛሉ። የምኒልክን ዘመን አዲስ አበባ መመርመር የፈለገ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ዙሪክ ድረስ መሄድ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

የመሣሪያው መሻሻል በዚህ ጊዜ ሥራውን አቀለለው። እርጥቡ መስተዋት ቀርቶ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ደረቅ መስተዋት መጣ፤ በ1888 አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አወጣ። ከዐድዋ ድል በኋላ በአዲስ አበባ ሌጋሲዮኖች ሲከፈቱ መሣሪያ ያልያዘ መልእክተኛ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ምኒልክም ይህንን በጥበብ ተጠቀሙበት። ካህናቱ ወይም አንዳንድ የግቢ ሰዎች ነገሩ የሰይጣን ሥራ ነው ባሉ ጊዜ፣ ንጉሡ ዕቃውን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ብለው እንደ ገሠጹአቸው ከውጭ አገር ጸሓፊዎች የተላለፈ ታሪክ አለ። ቃሉ በዚሁ መልክ ተነግሮ ይሁን አይሁን፣ አድራጎታቸው ከዚህ ሐሳብ ጋር ይስማማል፤ ዘውድ ደፍተው፣ ካባ ለብሰው፣ ባርኔጣ አድርገው፣ በዙፋን ተቀምጠው ብዙ ጊዜ ተነሥተዋልና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቃን በሁለት ዐይናቸው ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ በጐን፣ በአንድ ዐይን የሚሣሉት ከሓድያንና ርኵሳን መናፍስት ናቸው። በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ተመትቶ በመጣው ብር ላይ ግን ምኒልክ እንደ አውሮፓ ገንዘብ ሥርዐት በጐን ተቀርጸዋል። ፎቶግራፋቸው በብዛት ፊት ለፊት ነው። በገንዘቡ ላይ ለዓለም የሚነገረው ቋንቋ አንድ ነው፤ በግቢ ግድግዳ ላይ ለመኳንንቱ የሚነገረው ሌላ ነው። ከናርጋው ሥዕል ጋር ያለው ልዩነት ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነው። በሥዕሉ ባለጸጋዋ ከእመቤታችን እግር ሥር ናት፤ በፎቶግራፉ ግን ባለጸጋው በመካከል፣ በከፍታ፣ በዙፋን ላይ ተቀምጧል፤ ከእግሩ ሥር ያለው ምንጣፍ ብቻ ነው።

ይህንን አዲስ መልክ በሥርዐት የሠራው የአርመኑ የቤድሮስ ቦያጂያን ቤት ነው። አርመናውያን በኦስማን ቱርክ መንግሥት ይደርስባቸው ከነበረው መከራ የተነሣ በዚያን ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ይመጡ ነበር፤ የሃይማኖታቸውም ቅርበት ይረዳቸው ነበር። ከነርሱ መካከል ዲክራን ኤቤያን የነገሥታቱን ዘውድ የሠራ አንጥረኛ ነው። ቦያጂያን በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ መጥቶ የምኒልክ የግቢ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ከርሳቸው በኋላም ለልጅ ኢያሱና ለንግሥት ዘውዲቱ አገለገለ። በ1928 ሲሞት ልጁ ሃይጋዝ ሥራውን ወረሰ፤ ከዚያም ሌላው ልጁ ቶርኮም፣ ወይም በተለመደው ስሙ ቶኒ፣ ቀጠለበት። አባት ለልጅ የሚያወርሰው የግቢ ሙያ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ የሆነው ሙያው ብቻ ነው። የዘመኑ ነገሥታት ፊት ለሕዝቡ የደረሰው በአብዛኛው በዚህ ቤት እጅ ነው። ምኒልክ ታመው ከሰው ዐይን በራቁበት፣ በ1913 ካረፉ በኋላም ሞታቸው በተሸሸገበት ጊዜ፣ በገንዘቡና በፎቶግራፉ ላይ ያለው ፊታቸው ሳይለወጥ በአገሩ ይዞር ነበር።

ፎቶግራፍ ንጉሥን ከፍ ለማድረግ እንደሚረዳ ሁሉ ለማዋረድም እንደሚረዳ የታየው በልጅ ኢያሱ ላይ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና ካህናቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ኢያሱን ከሥልጣን ባወረዱ ጊዜ ዋናው ክስ ሃይማኖቱን ለወጠ የሚል ነበረ። በዚያ ወራት ኢያሱ እንደ እስላም ለብሶ፣ ጥምጥም ጠምጥሞ የሚያሳይ ፎቶግራፍ እንደ ማስረጃ ሆኖ ይታይ ነበር። ይህ ዐይነቱ ፎቶግራፍ ተቀነባብሮ የተሠራ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነተኛ ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቈረጠም። ነገር ግን ክርክሩ የተሳሳተ ነጥብ ላይ የቆመ ይመስላል። ፎቶግራፉ እውነተኛ ቢሆንስ ምን ያስረዳል? ልብስ ሃይማኖት አይደለም። አንድ ንጉሥ በሐረርጌና በአፋር ሲዘዋወር ያገሩን ልብስ ለብሶ ቢነሣ፣ እንግሊዛዊው ስፒዲ የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ በተነሣው መጠን ብቻ የሚቈጠር ነው፤ ስፒዲን በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያዊ ሆነ ያለው የለም። ሆኖም ሥዕልን የጸሎትና የእምነት ምስክር አድርጎ ለማየት በለመደ ሕዝብ መካከል የፎቶግራፍ ቃል እንደ መሐላ ተቈጠረ። ይህንን ያወቁት መኳንንት ከኢያሱ የተሻለ የመሣሪያውን ጠባይ ያወቁ ናቸው።

ራስ ተፈሪ መኰንን ይህንን ትምህርት ከማንም ይበልጥ ተጠቅመውበታል። በ1924 ወደ አውሮፓ በሄዱ ጊዜ የጎጃሙን ራስ ኀይሉንና የትግራዩን ራስ ሥዩምን አስከትለው ነበር፤ ከከተማ ወደ ከተማ ሲሄዱ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይከተሏቸው ነበር። ራስ ኀይሉ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ፣ የጣናን ደቡባዊና ምዕራባዊ ዳር ጨምሮ ጎጃምን የገዙ፣ በሀብታቸው ስመ ጥር የነበሩ ሰው ናቸው። ከሀብት አንጻር ሲታይ በሐይቁ ዳር የፎቶግራፍ ታላቅ ደጋፊ ሊሆን ይችል የነበረ ሰው ቢኖር እርሳቸው ነበሩ። በ1932 ግን ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እንዲያመልጥ ረድተዋል ተብለው ተከሰሱ፤ ንብረታቸው ተወረሰ፣ ራሳቸውም ታሰሩ። ያን ጊዜ የምስል ሥራ ሁሉ ወደ ማዕከሉ ተሰብስቦ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል የአሜሪካው ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት አንሺ ሮበርት ሙር በቀለም ፎቶግራፍ አነሣ፤ ሥራው በ1931 በሰኔ ወር ቍጥር ታተመ። በአምስት ዓመት ውስጥ የጣልያን ወረራ ሲመጣ የውጭ አገር አንባቢ የንጉሠ ነገሥቱን ፊት ያውቀው ነበር።

በጣና ዳርስ በዚህ ጊዜ ማን ያነሣ ነበር? የሐይቁ ገዳማት እንደ ቀድሞው ሥዕል የሚያሥል ጌታ አላጡም፤ ፎቶግራፍ የሚያስነሣው ግን ከውጭ የሚመጣ ነው፤ የሚመጣውም ስለ ውሃው ነው። ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል ያለ ስምምነት በዓባይና በጣና ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ተስማምተው ነበር። እንግሊዞች ለሱዳን ጥጥና ለግብፅ መስኖ ሲሉ በሐይቁ መውጫ ግድብ ለመሥራት ይፈልጉ ነበር፤ በሐይቁ ዳር ያሉት አብያተ ክርስቲያናት በውሃው መነሣት ይሰጥማሉ የሚለው ስጋት ደግሞ በኢትዮጵያ በኩል ይነሣ ነበር። ሮበርት ቺዝማን በ1925 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተሾመው ይህ ጉዳይ ሲንከባለል በነበረበት ዘመን ነው። ቺዝማን የወፎች ተመራማሪና የካርታ ሰው ነበር፤ እስከ 1934 ድረስ በቆየበት ጊዜ የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ሄደ፤ ጣናን በታንኳ ዞረ፤ ደሴቶቹን አንድ በአንድ ጐበኘ፤ በዳጋ እስጢፋኖስ ያለውን የነገሥታት ዐፅም ገለጸ። በ1936 ያሳተመው መጽሐፍ ፎቶግራፍና ካርታ ያለበት ነው፤ ስለ ሐይቁ ገዳማት ከዘመናዊ መሣሪያ በኋላ ከተጻፉት ዋና ምስክሮች አንዱ ሆኖ ቀርቷል። ሰውዬው መነኮሳቱን አክብሮ እንደ ጻፈ አይካድም። የላከው መንግሥት ግን ስለ ውሃው ቍመት ያስብ ነበር፤ ይህ ሁለትነት በመጽሐፉ ውስጥ ሳይደበቅ ይታያል።

ከቺዝማን ጋር በአንድ ዘመን የመጣው የፈረንሳዮቹ የዳካር–ጅቡቲ ተልእኮ የደጋፊነትን ነገር በሌላ መልክ ያሳያል። ማርሴል ግርዮል የመራው ይህ ተልእኮ በፈረንሳይ ምክር ቤት በወጣ ሕግ ገንዘብ ተፈቀደለት፤ ባለጸጋው ደራሲ ሬሞን ሩሴልም ረዳው፤ በ1931 በሚያዝያ በፓሪስ አል ብራውን የተባለው የታወቀ ቦክሰኛ ለተልእኮው ጥቅም ግጥሚያ አደረገ። የጎንደርን ሥዕል ለማስነሣት የፓሪስ ተመልካች የቦክስ ትኬት ገዛ ማለት ነው። ተልእኮው በ1932 ለብዙ ወራት በጎንደር ሰፈረ፤ ከጕዞውም በጠቅላላው ወደ 6,000 የሚጠጋ ፎቶግራፍ፣ እጅግ ብዙ ዕቃና የብራና መጻሕፍት ይዞ ተመለሰ። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ያሠሩት ነው ከሚባለው ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹ ከግድግዳው ተላቀቁ፤ ሠዓሊው ጋስቶን ልዊ ሩ ቅጅ ሠርቶ በቦታቸው ተካ፤ ዋናዎቹ ፓሪስ ገቡ። እዚህ ላይ ፎቶግራፍ ቢበቃ ኖሮ ግድግዳው ባልተራቆተ ነበር። መሣሪያውም አንሺውም በቦታው ነበሩ፤ የተላኩበት ሙዚየም ግን የሥዕሉን ጥላ ሳይሆን ሥዕሉን ራሱን ፈለገ። ከተጓዦቹ አንዱ ሚሼል ሌሪስ የዕለት ማስታወሻውን በ1934 ሲያሳትም ዕቃ የሚገኝበትን መንገድ ሳይሸሽግ ጻፈ፤ በዚህም ከጓደኞቹ ጋር ተቀያየመ።

በጣልያን ወረራ ዘመን በ1937 በጂዮቶ ዳይኔሊ የሚመራ የጥናት ቡድን ወደ ጣና መጣ፤ ውጤቱም በተከታታይ ቅጾች ታተመ። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ዕፀዋቱ ብዙ ዕውቀት አለበት፤ ፎቶግራፉ ግን የያዙትን አገር የሚቈጥር የባለርስት ዐይን ነው።

ከነጻነት በኋላ ባሕር ዳር ከጥቂት ጎጆ ወደ ከተማነት ተለወጠች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1961፣ የፖሊቴክኒክ ተቋሙ በ1963፣ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1964 ሥራ ጀመሩ። ፎቶግራፍም ከጌታ እጅ ወጥቶ ለመታወቂያ፣ ለሠርግና ለትምህርት ቤት ምስክር ወረቀት የሚሆን የማንኛውም ሰው ጉዳይ ሆነ፤ እዚህ ላይ «አስነሣ» የሚለው ግሥ ባለቤቱን አበዛ። የሐይቁ ገዳማት ግን በዚህ ጊዜ ከቀድሞው ሁሉ የተለየ አንሺ አገኙ። የሃምቡርጉ ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 በጣና ደሴቶች እየተዘዋወረ የብራና መጻሕፍቱን በማይክሮፊልም አነሣ። መጻሕፍቱ ከቦታቸው አልተነሡም፤ የተወሰደው ብርሃናቸው ብቻ ነው። የክብራን ገብርኤል መጻሕፍት ዝርዝር በ1973፣ የደብረ ማርያምና የሬማ በ1977 ታተመ። በዚያው በ1973 በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ፤ በዚህኛው ፊልሙ ለውጭ አገርም ለአገር ውስጥም ይቀመጥ ስለ ነበር ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማን ያዘው የሚለው፣ በመጠኑ መልስ አግኝቷል።

ሦስተኛው የጣና ቅጽ በ1999 ወጣ፤ በውስጡም የዳጋ እስጢፋኖስ መጻሕፍት ይገኛሉ። ያዘጋጀችው ቬሮኒካ ሲክስ ናት። በዳጋም በክብራንም ሴት ወደ ገዳሙ አትገባም፤ ቅጠሉን ሁሉ፣ ያሣለውን ጌታ ስምና ያስጻፈውን ሰው ጸሎት ጭምር፣ ከፊልሙ አነበበችው።